የሚሊሜትር ሼፐር

የሰፈሩ ሰው የእህቴን ባል ስም ረስቶታል። ትልቅ ትንሹ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ሥጋ ሻጩ ነው። ሰውየው አንድ ቀን የሱቁን ሰሌዳ ሲሰቅል፣ የእህቴ ባል በዚያ ሲያልፍ ቆም አለና አንገቱን ዘንበል አድርጎ «በግራ በኩል ሦስት ሚሊሜትር ወርዷል» አለው። ሥጋ ሻጩ መሰላሉ ላይ እንዳለ «ወዳጄ፣ እዚህ ቤት በኪሎ ነው የምንሠራው» ሲል መለሰለት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ጸና። እሱ ቅር አላለውም። ወደ ቤት ገብቶ መፍቻውን ይዞ ተመለሰና ሰሌዳውን አቃንቶለት መጣ።

እኔ «ጋሼ» ነው የምለው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከእህቴና ከእሱ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ የሳሎኑን መስኮት ይዛለች። ልጅ ስላልወለዱ ቤቱ ሰፊ ነበር፣ ሲቀበሉኝም ፊታቸው አልጠቆረም። በገባሁ ሰሞን ጋሼ «ጠረጴዛሽ ይነቃነቃል» ብሎ አንዱን እግር በመጋዝ አሳጠረ። ሌላኛው ረዘመበት፣ እሱንም ቆረጠ። እንዲህ ዙሪያውን ሲቆርጥ ውሎ ጠረጴዛው መነቃነቁን ተወ፤ ግን ከማጠሩ የተነሳ ጉልበቴ ከሥሩ አልገባ አለ። እህቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ እኔ ደሜ ፈልቷል። እሱ ግን ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በፍቅር ያየዋል።

ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ የክር ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ማሽን ሲፈታ፣ ሲያጥብ፣ ሲገጥም ጸጉሩ ሸበተ። በክፍሉ ጥግ በእጅ የምትዞር አንዲት ትንሽ አሮጌ ሼፐር ነበረች፤ ሥራውን የተማረው በእሷ ላይ ነው። ሼፐር ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበርና አታውቁ ብላችሁ አትፈሩ። አናጢ እንጨት የሚልግበትን መላጊያ አስቡ። ሼፐርም ብረት መላጊያ ናት። ከባድ ክንድ አላት፣ በክንዱ ጫፍ ስለት ታስሯል። መዘውሩን ስታዞሩት ክንዱ ወደፊት ይሄድና ከብረቱ ላይ ቀጭን ልጣጭ ያነሳል፤ ከዚያ ባዶውን ወደኋላ ይመለሳል፤ ብረቱ የታሰረበት ጠረጴዛ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ክንዱ እንደገና ይሄዳል። ጋሼ ይህን ሲያስረዳኝ «እንግዲያው ግማሽ ዕድሜዋን የምትመለሰው በባዶ ነው በለኛ» ብዬ ቀለድኩበት።

«ሰውስ?» አለኝ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ትላልቆቹ ማሽኖች ተሸጡ። ትንሿን ሼፐር ግን የሚፈልጋት ጠፋ። የብረት ቁርጥራጭ የሚሰበስቡ ሰዎች መጡና ለጭነት እንድታመች ብለው እዚያው በመዶሻ ሰባበሯት። የተሠራችው ጊዛ ከሚሉት ብረት ነው፤ ጊዛ ደግሞ ጠንካራ ቢሆንም ሲመቱት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ጋሼ ቆሞ አየ። ሳይሰበር የቀረው ክንዷ ብቻ ነበር፤ እሱን ለምኖ በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

እህቴ በሩን ከፈተችለትና «ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ክንድ።»

«የማን?» ብላ ጮኸች። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብቅ አለ።

ያን ቀን ስቀናል። ጋሼ ግን እራት ሳይበላ ተኛ። በነጋታው የጓሮዋን ክፍል ጠራርጎ፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዝበትን ሞርሳ አንድ ጠንካራ ግንድ ላይ አሰረና የሼፐሯን ቀሪ አካል ራሱ ሊሠራ ተነሳ። «ምን ሊሠራልህ?» አልኩት። ከሥራ ወጥቷል፣ ጡረታው ያኖረዋል፣ በዚያች ማሽን የሚሠራ ትእዛዝ የለውም። «ለራሴ» አለኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ያቺን ቃል ከአፉ የሰማኋት ያኔ ነው።

እንዲህ ዓይነት አመል ያለው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ወዲያ ጫፍ አንድ የጥርስ ሐኪም አለ። መኪናውን ደጅ አሳድሮ ጋራዡን በትንንሽ አሮጌ ማሽኖች ሞልቶታል፤ እንደሱ በብረት ፍቅር የተለከፉ ሰዎች በዕረፍት ቀን እዚያ ይሰባሰባሉ። አንዱ ቶርኖ የሚሉትን አሮጌ የብረት መቅረጫ አድሶ ይመጣል፣ አንዱ ከውሃ ፓምፕ አካል መሰርሰሪያ ይሠራል። ጋሼም ወሬውን ሰምቶ ሄደ። ሐኪሙ በእጅ የምትዞር ሼፐር ነበረችው፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ ናሷ ተወልውሎ። ጋሼ ክንዷን ሲዳስሳት አብራው የሄደችው እህቴ አይታዋለች። «በጉርምስናው የወደዳትን ሴት ያገኘ ነው የመሰለው፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ» ብላ ነገረችኝ። ሐኪሙም ወደደው። የማመሳከሪያ ድንጋይ አለኝ፣ እንደ ውሃ የተኛ ነው፣ ብረትህን እያመጣህ ቀጥ ማለቱን አመሳክር አለው። ጋሼ አመስግኖ እንቢ አለ። ስጨርስ እጠራዎታለሁ፣ መጥተው ይመርቁልኛል አለ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ነውና።

ክንዱ የሚንሸራተትበት አካል ፍጹም ቀጥ ማለት አለበት፤ የክንዱም ሆድ እንደዚያው። ይህ በሞረድ አይገኝም። አንዱን ብረት በስሱ ሰማያዊ ቀለም ይቀቡታል፣ ሌላኛውን ያጋድሙበትና ያሻሹታል። ያበጠ ያበጠው ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ይዞ ይመጣል። ነጥቡን በመፋቂያ ትንሽ ትንሽ ይፍቁታል። እንደገና ቀለም፣ እንደገና ማሻሸት፣ እንደገና መፋቅ። ነጥቦቹ እየበዙ፣ እየተቀራረቡ፣ በመጨረሻ እንደ ዝናብ ጠብታ በብረቱ ሁሉ ላይ እኩል ይበተናሉ። ወራት ይፈጃል። ያ ሰማያዊ ቀለም ያልገባበት የቤታችን ዕቃ የለም፤ ፎጣው፣ የበሩ እጀታ፣ የእህቴ ትራስ። የአንዲት ሙሽራ ነጭ ቀሚስ ሰቅዬ «ግርጌው ቀጥ ብሏል ወይ?» ብሎ ሊያይልኝ የመጣ ዕለት የአውራ ጣቱን አሻራ አትሞበት ሄደ። ሰፈሩ እስኪሰማ አበድኩ። አበባ ጠልፌ ሸፈንኩት፤ ሙሽራዋ አበባው ደስ አላት፣ እኔን ግን ያ ቀን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ታዲያ ለዚህ ሥራ ሁለት ብረት አይበቃም፤ ሦስት ያስፈልጋል። እርስ በርስ የሚመሳከሩ ሁለት ብረቶች ተስማሙ ማለት ቀጥ አሉ ማለት አይደለም። ጋሼ ይህን ሲያስረዳኝ በእኔው ሙያ ነው ያስረዳኝ። «ጨርቅ በጎባጣ መስመር ለሁለት ስትቆርጪ ሁለቱ ጠርዞች መልሰው ቢገጠሙ አንድ ናቸው አይደል? ስለገጠሙ መስመሩ ቀጥ ነው ትያለሽ?» አለኝ። አንዱ ብረት ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ልክ ይገጣጠማሉ፤ ሰማያዊውም ዳር እስከ ዳር ይያዛል። ስለዚህ ሦስተኛ ይሠራና እያንዳንዱ ከሌሎቹ ጋር በየተራ ይመሳከራል። ሦስቱም እርስ በርስ ከተስማሙ ያኔ ቀጥ ብለዋል። በፋብሪካው ሲሠራ ትልቅ የማመሳከሪያ ጠረጴዛ ስለነበረ ሦስተኛውን የሚፍቅ አልነበረም። እዚህ ቤት ግን ጋሼ ሦስቱንም ጀምሯቸው ነበር።

በዚህ መሐል ዓይኑ ከዳው።

መጀመሪያ ደበቀን። ሻዩን ከስኒው ውጪ ሲቀዳ «እጄ ነው» አለ። የቁም ሣጥኑ ጠርዝ ግንባሩን ሲመታው «ማን እዚህ አመጣው?» ብሎ እኔን ተቆጣ፤ ሣጥኑ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው ያለው። በመጨረሻ እህቴ እየጎተተች የዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችው፣ እኔም ተከተልኳቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ጨዋ፣ ነገር የማታድበሰብስ። የዓይኑ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ሲበላው ኖሯል። «አባባ፣ የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን፤ ግን በጣም ዘግይተዋል» አለችው።

አውቶቡስ ውስጥ እህቴ መሐላችን ተቀምጣ እጁን ይዛዋለች። ልንወርድ ስንል ጋሼ አፉን ከፈተ።

«አንዲት ብረት» አለ። «በራሴ ማሽን ቀጥ አድርጌ የላግኳት አንዲት ብረት ልይ። ከዚያ ይጨልም፣ ግድ የለኝም።»

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው ዓይኑ እየጠፋ የሚመኘው የመዳፍ ስፋት ያላት ብረት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እሽቅድምድም ሆነ። ነጥቦቹን ለይቶ ማየት ሲያቅተው እህቴ መነጽሯን አድርጋ ጎኑ መቆም ጀመረች። «እዚህ ጋ አንድ አለ። ትንሽ ወደ ቀኝ። አይ፣ አለፍከው፣ ተመለስ።» እጁን ይዛ ጣቱን በነጥቡ ላይ ታስቀምጥለታለች፣ እሱ ይፍቃል። ከመስኮቴ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያን ያህል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ጋሼ ለወትሮው በቀን የሚናገራት ቃል በጣት የምትቆጠር ነበረች። እህቴ ያየችውን ትናገራለች፣ እሱ የተናገረችውን ይሠራል። አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ስገባ ሁለቱም አፍንጫቸው ሰማያዊ ሆኖ ይሳሳቃሉ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁባቸው።

ክንዱና አካሉ ተስማሙ። ሰማያዊው ዳር እስከ ዳር ያዘ። ሦስተኛው ብረት ግን ገና ጅምር ነበር፤ ግንዱ ሥር ተጋድሞ አቧራ ለብሷል።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውስ?» አልኩት።

«ይቆይ።»

«ሳይመሳከር?»

«እነዚህ እንዴት እንደተስማሙ አላየሽም? አንቺ እንኳ ብታዪው ይገባሻል።» ቆጣ አለ። ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። «እሱን ለመፋቅ ሌላ ዓመት ይፈልጋል። ሌላ ዓመት የለኝም።»

«የጥርስ ሐኪሙ ድንጋይ አለኝ ብሎህ የለም?»

«የሰው ድንጋይ ለምኜ የምሠራው የእኔ አይባልም» አለኝና ፊቱን አዞረ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አውቆ ነው። ሕጉን ለእኔ ለመሃይሟ ሳይቀር ያስተማረ ሰው፣ አውቆ ዓይኑን ጨፍኖ ዕድሉን ሊሞክር ነው። ልከራከረው ፈለግሁ። እህቴ ግን ከኋላው ሆና «ተይው» በሚል ዓይን አየችኝና ተውኩት።

ማሽኗ ተገጠመች። መዘውሯ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ መዝጊያ፣ ጠረጴዛዋ ከበር ማጠፊያ ብረት፣ ብቻ ከየትም የተቃረመ ነው፤ ታምራለች ግን። ጋሼ የላከበትን መልእክት ሰምቶ የጥርስ ሐኪሙ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ዙሪያዋን ተመለከታት፣ «እጅዎ ይባረክ» አለ። ከልቡ ነበር።

ጋሼ ያቺን የመዳፍ ስፋት ያላትን ብረት የማሽኗ ጠረጴዛ ላይ አሰራት። ስለቱን በጣቱ አስጠጋ። መዘውሩን ያዘና አዞረ። ክንዱ ያለ አንዳች ኮሽታ ሄደ፤ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ። ከብረቷ ላይ የተጠቀለለ ልጣጭ ተነሳ። ተመለሰ። ሄደ። ክፍሏ ትኩስ ብረት ሸተተች። ጋሼ አፉ ተከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ድምፁ አዘንብሎ ያዞራል። እኔ ምኑንም ምን የማላውቀው እንኳ እንባዬ መጣ። እህቴ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። ብረቷ ዳር እስከ ዳር ተላገች። አብረቀረቀች።

ሐኪሙ ከቦርሳው አንድ የብረት ማስመሪያ አወጣ፤ ጠርዙ እንደ ቢላ የሳሳ፣ በሱፍ ጨርቅ የተጠቀለለ። ጋሼ ብረቷን ፈትቶ ሰጠው። ሐኪሙ ማስመሪያውን በጠርዙ ብረቷ ላይ አቆመና ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጋቸው። ቀጥ ያለ ብረት ከሆነ በመሐላቸው ብርሃን አያልፍም።

እኔም አየሁት። በሁለቱ ዳር ገጥሟል፤ መሐሉ ላይ ግን ቀጭን የብርሃን መስመር አለ። ከጸጉር የቀጠነ፣ ግን ዓይን ላለው የማይሰወር። ሐኪሙ ብረቷን አዙሮ በሌላ ቦታ ሞከረ። ያው ነው። ክንዱና አካሉ ሲፋቀሩ የኖሩት ጎባጣ ላይ ነበር፤ ማሽኗ የነካችውን ሁሉ አጎድጉዳ ነው የምትልገው።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሯል። በዚያን ጊዜ የሚያየው የመስኮቱን ንጣት ብቻ ነበር፣ ያውም በአንድ ዓይኑ ጥግ።

«ያሳልፋል?» አለ። የጠየቀው ሐኪሙን አልነበረም። እህቴን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠይቀው እሷን ነው።

ሐኪሙ ሊናገር አፉን ከፈተ። እህቴ እጇን አነሳችና ዝም አሰኘችው።

«አያሳልፍም» አለች።

የጋሼ ፊት! ምን ብዬ ልንገራችሁ? ያ የተሸበሸበ ፊት በአንድ ጊዜ ተፈታ። የሚጨብጠው ሰው ፍለጋ እጁን ዘረጋ። ሐኪሙ መሬት መሬቱን ያያል።

ጋሼ ግን የሙያ ሰው ነው። ደስ ብሎትም ቢሆን እጁ ልማዱን አይተውም። ከደረት ኪሱ የሲጋራ ወረቀት አወጣ፤ አያጨስም፣ ለሥራው ነው የሚይዛት። ብረቷንና ማስመሪያውን ከሐኪሙ ተቀብሎ ግንዱ ላይ አስቀመጠ። ወረቀቷን በአንዱ ዳር ከማስመሪያው ሥር አስገብቶ ሳብ አደረጋት፤ ያዘች። በሌላው ዳር ሳብ አደረጋት፤ ያዘች። ፈገግ እንዳለ መሐል ላይ አስገባት። ሳባት። ወጣች። እንደገና አስገባት፣ ሳባት፣ ወጣች። ፈገግታው ከፊቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ጣቶቹ ያንኑ ደጋገሙ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በመጨረሻ። «ከሩቅ አምጥቼ አደከምኩዎት።»

«ኧረ ምን ማለትዎ ነው!» አለ ሐኪሙ። «ይታረማል። ክንዷን ይፍቱና ቤቴ እንውሰዳት፣ በድንጋዩ ላይ እናመሳክራታለን። ሰማያዊው የት እንደያዘ እያየን…»

«ማን ያይልኛል?» አለ ጋሼ።

እህቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። መነጽሯም ዓይኗ ላይ ነበር።

ሐኪሙ ኮቱን ለብሶ፣ ማስመሪያውን እንኳ ረስቶ ወጣ። ወጥ ቤት ገብቼ እህቴ ላይ ጮኽኩባት። «ምነው እትዬ፣ ምን ነካሽ? ሌላ ሰው ቢዋሸው ምን አለበት፣ አንቺ!»

«አንድ ቀን» አለችኝ። ያጠበችውን ሳህን እንደገና ታጥባለች። «አንድ ቀን ደስ ብሎት ይዋል ብዬ ነው። ፊቱን አላየሽውም? ዘመኑን ሁሉ የሰው ሲያቃና ኖሮ… እኔ ምን ላድርግ? ያሳልፋል ልበለው? በዚህ አፌ?» እኔም ብሆን ምን እል እንደነበር አላውቅም።

ወደ ጋሼ ሄድኩ፤ እሱም ላይ ተናድጄ ነበር። ማሽኗን በአሮጌ አንሶላ እየሸፈነ አገኘሁት። «አንተስ ሦስተኛውን ዘለህ አይደለም እንዴ? መጀመሪያ የዋሸኸው አንተ ነህ» አልኩት። ጨካኝ ነገር ነው፣ ግን አፌ ካመጣው በኋላ አልመልሰው።

«ልክ ነሽ» አለኝ። አንሶላውን በጥንቃቄ ጎተተ፣ ጠርዙን በእጁ ዳስሶ አስተካከለ። «ብረቱን እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ለዚያ ማንንም አልከስም። ግን የከፋኝ እሱ አይደለም። ዶክተሯ ዓይንህ ይጠፋል ስትለኝ አልፈራሁም ነበር፤ ገብቶሻል? እህትሽ አለች ብዬ ነው። የሚታየውን ትነግረኛለች፣ እኔ እኖራለሁ ብዬ ነው። አሁን ፀሐይ ወጥታለች ብትለኝ እውነቷን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ለደስታህ ብላ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አለ። «እሱ ነው የባሰው። ጠልታኝ ቢሆን እኮ መዋሸቱን ትተወው ነበር። ስለምትወደኝ አትተወውም።»

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት።

ክረምቱ ሳይወጣ የቀረችውም ብርሃን ጠፋች። የጥርስ ሐኪሙ ደጋግሞ ላከበት፣ አንድ ሁለቴ ራሱም መጣ፤ ጋሼ አክብሮ አስቀምጦ ስለ አየሩ አወራው። የጓሮዋን ክፍል ቁልፍ የት እንዳኖረው አንጠይቀውም። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተቀምጦ የስፌት መኪናዬን ድምፅ ያዳምጣል፣ «ቀበቶዋ ላልቷል» ይለኛል፤ ሁልጊዜም ልክ ነው። ከእህቴ ጋር አልተጣሉም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ቢጣሉማ ይታረቁ ነበር። ያመሰግናታል፣ ይመርቃታል፣ ክንዷን ይዞ ይራመዳል። ግን የምትነግረውን ሁሉ እኔን ደግሞ ይጠይቀኛል። ሸሚዙን ታለብሰዋለች፣ «ንጹሕ ነው» ትለዋለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እታለም፣ ይኼ ሸሚዝ ንጹሕ ነው?» ይለኛል። ተንኮል የለውም፣ ሊያሳዝናትም አይደለም። ልማድ ሆኖበት ነው። እህቴ እዚያው ቆማ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እንደያዘች፣ መልሴን ትጠብቃለች። «ንጹሕ ነው ጋሼ» እላለሁ። ያን ጊዜ እጁን በእጅጌው ያስገባል። ያ ቤት ከልቡ የሚስቅ ቤት ነበር፤ አሁን ሦስታችንም ስንናገር ቃላችንን እንመዝናለን።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ጺሙን እየላጨችው ነበር። ከመኪናዬ ላይ ቀና ብዬ አየኋቸው። ጉንጩን በግራ እጇ ይዛ፣ ምላጩን በቀስታ ታወርዳለች። ጋሼ ድንገት እጇን ያዘ።

«ታለቅሻለሽ እንዴ?» አላት።

«ኧረ እኔ! በጠዋቱ ምን አስለቅሶኝ?» አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ ሁልጊዜም ድምፅዋን መግዛት ታውቅበታለች። እንባዋ ግን እስከ አገጯ ወርዷል።

ጋሼ እጇን አልለቀቀም። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «እታለም» አለኝ፤ «እህትሽ እያለቀሰች ነው?»

እህቴ ምላጩን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀችብኝ። እባክሽ፣ አትንገሪው። በዕድሜዋ እንደዚያ ለምናኝ አታውቅም። ታላቄ ናት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አየኋት፣ እሱን አየሁት፤ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ የእኔን አፍ ይጠብቃል። እኔም ከዋሸሁት በዚህ ዓለም የሚጠይቀው ሰው የለውም።

«አዎ ጋሼ» አልኩት። «እያለቀሰች ነው።»

እህቴ ምላጩን ሳህኑ ላይ አኖረችው። ጋሼ የያዘውን እጇን ለቀቀና፣ ፊቷን ሊያገኝ፣ እንባዋን ሊጠርግላት መሰለኝ፣ ሁለት እጆቹን ድምፅዋ ወደነበረበት ዘረጋ። ጣቶቹ አየሩን ዳሰሱ። እሷ ግን በባዶ እግሯ ስለነበረች ስትወጣ ኮቴዋን አልሰማም። እጆቹን እንደዘረጋ ጠበቃት።

«ሄዳለች፣ ጋሼ» አልኩት።